ጠብታው ሳይደርቅ

ከሐፈር ወደ ደቡብ፣ አስፋልቱ ካበቃ፣
በሦስተኛው የተቃጠለ ጎማ ወደ ግራ መታጠፍ ነው፣ በቃ።
ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ የመኪና ዱካ ነው ያለው፣
እሱንም ነፋስ በየማታው እንደ ገበታ የሚጠርገው።
ዘጠና ሁለት ግመል፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ የውኃ ቦቴ፤
ግመሉም ቦቴውም የአቡ ነዋፍ፣ ድንኳኗ ብቻ ቤቴ።
የቦቴው መዝጊያ ያንጠባጥባል። ስንቴ ነገርኩት!
«ነገ» አለ። ነገን በላስቲክ ቋጠርኩት።

በዚያች ሌሊት ጨረቃ የለም። ውሾቹም ዝም።
(ዳቦ ሳይወረወርላቸው አይቀርም።)
የሞተሩ ድምፅ የሕልም መስሎኝ ተገላበጥኩ፣
ግመሎቹ ሲነሡ ነው የፓምፑን ብረት ይዤ የሮጥኩ።
ቦቴው መብራቱን አጥፍቶ ጨለማው ውስጥ ገባ፤
አንዱ ሊንጠለጠል ሲዘል ወድቆ ቀረ፣ ልጅ እግር ሌባ።

ደረስኩበት። ብረቱን አነሣሁ።
አነሣሁ፤ እጄ ከራሴ በላይ እንደተሰቀለ
ጦይብ ትዝ አለኝ፣ ከወዲያኛው በረት የነበረው ጠባቂ፤
ሌባ በአካፋ መትቶ ስድስት ዓመቱ ዘብጥያ፣ የለውም ጠያቂ።
«ራሴን ላድን ነው» ብሏል አሉ፤ በአማርኛ ነው ያለው፤
አስተርጓሚው የቀረ ለት ነው ዳኛው የሰማው።

ብረቱን ቀስ ብዬ አወረድኩ። ልጁን በግመል ገመድ አሰርኩት።
ኔትወርክ የሚገኘው ገንዳው ጠርዝ ላይ ነው፣ አንድ ክንድ ከፍ ተብሎ፤
እዚያ ወጥቼ ሦስቱን ዘጠኝ መታሁ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ።

«የት ነህ?»
«ሦስተኛው የተቃጠለ ጎማ ጋ፣ ወደ ግራ።»
«የመንገዱ ስም?»
«መንገድ የለም ጌታዬ።»
«የሕንፃ ቁጥርስ?»
ዙሪያዬን አየሁ፤ አሸዋ፣ የሚያመሰኳ ግመል፣ የታሰረ ልጅ።
«ዘጠና ሁለት» አልኩት። ሌላ ቁጥር የለንም እንጂ።

«መኪናው ያንጠባጥባል» አልኩ፣ ዐረብኛዬን እየለቀምኩ፣
«ውኃው አሸዋው ላይ መስመር ሠርቷል፤ በባትሪ አረጋገጥኩ።
ፀሐይ ሳትወጣ ከመጣችሁ፣ እንደ ክር እየጠቀለላችሁ
ከሌባው ደጅ ነው የሚያደርሳችሁ።»
«ጠብቅ» አለኝ።
ጠበቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዐሥር። ልጁ ውኃ ጠየቀኝ።
በጀሪካን የቀረችው ሦስት ሊትር ናት፤ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ቁጣ አነቀኝ፤
ውኃዬን በቦቴ ወስዶ ውኃ የሚለምን!
ከዚያ በጣሳ ሰጠሁት። አጎንብሶ ጠጣ፣ እጁ እንደታሰረ።
ስሙን አልጠየቅሁትም። ቢነግረኝስ ምን ልል ነበረ?

የወፍ ድምፅ የለም እዚህ፤ ንጋት በዝንብ ነው የሚታወቅ።
ተቀምጬ የውኃውን መስመር አየሁት፣ ሲደርቅ፦
መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሌላውን አሸዋ የመሰለ።
ማስረጃዬ ነበር፤ ተንኖ ሰማይ ገባ፣ ምንም እንዳላለ።

አራት ሰዓት ላይ መጡ፤ ሁለት ፖሊሶች፣ ነጭ መኪና፤
ዘገየን አሉ፣ አራተኛው ጎማ ጋ ታጥፈው ነበርና።
«ምን ተሰረቀ?» አላሉኝም። «ኢቃማ» አሉኝ።
ኢቃማዬ አቡ ነዋፍ ጋ ነው፤ አቡ ነዋፍ ስልክ አያነሣም፤ ያዙኝ።
ልጁን ፈቱት። እጁን አዩት፤ ገመዱ ሰንበር አውጥቶበታል።
«ማን አሰረው?»
ይህስ ያለ አስተርጓሚ ይገባል።

ጎን ለጎን ከኋላ ተቀመጥን፣ ሌባውና የተሰረቀበት፤
ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል መኪናው፣ ሁለታችንም ፊታችንን ሰጠንበት።
በመስኮት፣ ግመሎቹ ባዶውን ገንዳ ሲከቡት አያለሁ፤
ዘጠና አንድ መጣልኝ፤ እንደገና እቆጥራለሁ።

ሾፌሩ ጥቂት ነድቶ ቆመ። ዱካውን ነፋስ ወስዶታል።
«መውጫው በየት ነው?» አለኝ ዞሮ።
«በቀኝ» አልኩት፣ «የተቃጠለው ጎማ ጋ።»
ልጁም አንገቱን ነቀነቀ። መንገዱን እሱም ያውቀዋል።