ቁጥር ዐሥራ ሰባት

የኔ ጫካ ያለው አራተኛ ፎቅ ነው፣
ካዛንቺስ፣ መስኮቱን አቧራ የሸፈነው።
ፍሪጁ ሲያጓራ ጠዋት እከፍታለሁ፣
ጣት በምታክል ብልቃጥ አጋዘን አያለሁ፤
አጋዘን ስል፣ ያው፣ በጠጧን ነው፣ ደረቅ፣
ሆዷ ያደረውን የማይደብቅ።

ገመዳ ነው ላኪው፣ ከጋይሳይ ሣር ሜዳ፤
በብርድ የሚጽፈው፣ ፊደሉ ወልጋዳ፦
«ሴት ናት። አሮጌ ናት። ቀኝ እግሯን ታነክሳለች።
ስጠጋ አልሸሸችም፤ ዝም ብላ አየች።»

ከሙኔሳ ጥድ ሥር፣ ከመናገሻ ደን፣
ማሳ ዳር ውሻ ካዋከበው ከድኩላው ወገን፣
ጨው ውሃ ላይ እያንሳፈፍኩ፣
የትል እንቁላሉን አንድ፣ ሁለት እያልኩ።
«ስንት ናቸው?» ይላሉ ወረቀት ፈራሚ፤
እኔን የሚያስጨንቀኝ ስንቱ ነው ታማሚ።

ትናንት ጥበቃችን ጋሽ በዳሶ መጣ፣
በጋዜጣ የጠቀለለውን አወጣ፦
«ከኤምባሲው አጥር፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣
ሌሊት ሌሊት አንድ ድኩላ ይስላል።»

በጠጡን ፈታሁት። ቅጠል አለ። የሽንኩርት ልጣጭ።
ደግሞ እንደ ደም ሥር የቀጠነ ክር፣
ሰማያዊ፣
የፌስታል።

ቅጹ ላይ «መኖሪያ» የሚል ጥያቄ አለ፦
ደን፣ ሜዳ፣ ገደል፣ እርሻ፣ በሣጥን የተከፈለ።
ከተማ የሚል ሣጥን ፈልጌ አጣሁ።
በመስኮቱ ቁልቁል የቀድሞ ቤቴን አየሁ፣
ግድግዳው ከነቆርቆሮው የተነሣ፣
ሾላው ብቻ የቀረ፣ የማን እንደሆነ የተረሳ።
እኛም ስንነሣ የመዘገበን አለ፤
ስንት እንደሆንን እንጂ ምን እንዳመመን አላለ።

ከሣጥኖቹ ውጭ፣ በኅዳጉ ጥግ ላይ
በእርሳስ ጻፍኩለት፦
«ቁጥር ዐሥራ ሰባት። ካዛንቺስ።
በሕይወት አለ። ያስለዋል።
ዛሬ ማታ ወርጄ አዳምጠዋለሁ።»