ለሚደርሰው መጉላላት

ማስታወቂያውን የለጠፍሁት እኔ ነኝ፣
ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ካፊያ እያረጠበኝ፤
መስታወቱን በእጅጌዬ አጽድቼ፣
አራት ጥጉን ሙጫ ቀብቼ።
«ከዓርብ ሌሊት እስከ ሰኞ ንጋት
በሀዲድ እድሳት ምክንያት
ባቡር አይኖርም፤ አውቶቡስ ይተካል።»
ከግርጌው በደቃቅ ፊደል ደግሞ እንዲህ ይላል፦
«ለሚደርሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»
እነማን? ስም የለ፣ ፊርማ የለ።
በብራክንዴል ጣቢያ ግን፣ በዚህ በዮርክሻየር ኮረብታ ሥር፣
«እኛ» የሚባል ሰው የለም ከእኔ በስተቀር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቷ ላይ
እርጥብ ዣንጥላውን ያስደገፈ አስደገፈ፣
አንዱ ተማሪ ማስቲካውን ለጠፈ፤
ያየ ሁሉ ሳያነብ አለፈ።

ቅዳሜ ሲነጋ ግን ሁሉም ፊደል ለየ፣
ጣቱን ቀስሮ ወደ መስኮቴ አየ።

ኪራን መጣ፣ የጓደኛው ሚዜ፣
ላብ ያጠምቀዋል በዚያ በብርድ ጊዜ፤
የሙሽሮቹ ቀለበት በኪሱ፣
ሠርጉ ማንቸስተር፣ እዚህ እሱ።
ቢንዱ መጣች፣ ነርሷ፣ ሌሊቱን አድራ፣
ዐይኗ ሊከደን ከራሷ ጋር ተናንራ።
አንድ አባት ብስክሌት ይዞ «አይጫንም» ተባለ፤
እየገፋ፣ እየረገመኝ፣ ዳገቱን ቀጠለ።

ሾፌሩ ጉርዲፕ ነው፤ አገሩን አያውቀውም፣
በጎች መንገድ እንደሚዘጉ ካርታው አልነገረውም።
ባቡር ሸለቆውን በድልድይ ይዘለዋል፤
አውቶቡስ ግን ወርዶ፣ የታችኛውን ድንጋይ
ሳይሳለም አይወጣም።
የአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ መንገድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ፤
ኪራን ቀለበቱን እየዳበሰ አረጀ።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ የመጣችው እሑድ ነው።
ባሏ ሲሪል ሸለቆው ማዶ፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው።
ስሟን ረስቷል፤ ፊቷም ጠፍቶበታል፤
እኩለ ቀን ሲሆን ግን አፉን ይከፍታል፤
ማንኪያውን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ
ከንፈሩ ያውቃል።
ያን ዕለት አርፍዳ ስትደርስ
በሌላ እጅ ጎርሶ፣ ተኝቶ አገኘችው።
ወንበር ስባ እስኪመሽ ተቀመጠች፤
አልቀሰቀሰችውም።

ማታ ከአውቶቡሱ ወርዳ መስኮቴ ሥር ቆመች።
ስድብ ጠበቅሁ።
«አንብቤው ነበር» አለች፣ «ገና የለጠፍህ ዕለት።
የእኔ ባቡር ግን አልመሰለኝም።»

ጣቢያውን ቆልፌ በአጥሩ ዳር ዳር ሄድሁ፣
ጄኔሬተር ወደሚያጓራበት፣
ብርቱካናማ ለባሾች በጭቃ ውስጥ ወደሚርመሰመሱበት።
አለቃቸው ዶሚኒክ ከተቆረጠው አሮጌ ሀዲድ
አንዱን ቁራጭ በባትሪ አበራልኝ፦
ጸጉር የምታህል ስንጥቅ።
ጥፍሬን ብሰድባት ገባልኝ።
«በዚህ ላይ ነበር በየቀኑ የምትጭኗቸው» አለኝ።

ያን ብረት ተሸክሜ
እስከ ደጇ ልሮጥ አማረኝ።
ግን ምን ልላት?
«ሞት ቀረልሽ፣ አንድ ጉርሻ አመለጠሽ»?
ይህን የሚመዝን ሚዛን
ከሻንጣ መመዘኛችን በቀር የለኝም።

ሰኞ ባቡሩ በሰዓቱ ከተፍ አለ።
ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ገባ፤
ከድልድዩ ወዲህ ይንኳኳ የነበረው ነገር
ዛሬ ዝም ማለቱን ማንም ልብ አላለ።

ወረቀቷን ላጥሁ። በፖስታ ሌላ መጥታለች፦
የሚመጣው ወር፣ ሁለት እሑድ፣ የድልድይ ጥገና።
ከግርጌዋ ያችው ዓረፍተ ነገር።
እስክሪብቶ አወጣሁ፣ ዙሪያዬን ቃኘሁና
ከፊት ያለችውን «ን» ሰረዝሁ፤
የኋላዋን ነቅዬ «ሁ» ተከልሁ።
ከዚያ ሙጫው እስኪይዝ
በመዳፌ ደግፌ ቆየሁ።