ያዝ፣ ልቀቅ

የአባታችን ዲኤክስ ከሰኔ ጀምሮ ሲያፏጭ ነው የከረመ፣
የሶደሬን ቁልቁለት በወረደ ቁጥር እየታመመ።
ተሳፋሪ ከኋላ «ሹፌር፣ ምንድን ነው እሱ?» ይለኛል፣
«ነፋስ ነው» እላለሁ፤ በአዳማ ነፋስ ማን ይጠረጥረኛል?

ትናንት ግን ፖስታ ቤት ጋ አንድ ባጃጅ ፊቴ ሲገተር
ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ቆመልኝ፣ በአንድ ስንዝር።
ባለባጃጁ ዞሮ፣ «ሰውዬ፣ ፍሬን በጥሰሃል?»
ይህንኑ ቃል አንድ ሰው ቀድሞት ብሎኛል፤
ወንድሜ ቶለሳ፣ በአባቴ አርባ ማግስት፣
ስለ ግቢው ወረቀት፣ ስለ ሁለት ክፍል ቤት
ድምፄን ከጣሪያው በላይ የሰቀልኩ ለት።
ከዚያ ወዲህ በአንድ አጥር ሁለት ቤት ሆነን፣
ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣
ሰላምታችንን ልጄ ናት የምታመላልስልን።

ጋራዥ ጠየቅሁ። ለእጅ ብቻ የጠሩት
የሳምንት ገቢዬ ነው፤ ተውኩት።
ሸራውንም ዲስኩንም በዱቤ አወጣሁ፣
እሑድ ከሰዓት መኪናውን ኒሟ ጥላ ሥር አስጠጋሁ።
ከኋላ ጎማ ድንጋይ። መሬት ሳለ ዳዶዎቹን አላላሁ፣
ከዚያ ክሪክ፤ የወጣውን ጎማ ሆዱ ሥር አስተኛሁ።
(አባታችን ነበር፦ «ክሪክ አምኖ የሚገባ
ቀድሞ ተዝካሩን ይብላ።»)
ልጄ ሲፈን፣ የድልህ ቆርቆሮ ይዛ፣
ቡሎን በፈታሁ ቁጥር ትቀበላለች ተኮፍሳ።

አሥራ አራት ቁልፍ። ዝገቱ እምቢ አለ። ናፍጣ ጠብ አደረግሁበት፤
ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ ቆምኩበት፤
«ቋ!» አለ። አውራ ጣቴ ተላጠ፣ ቡሎኑ ግን ተፈታ።
ካሊፐሩን በሽቦ አንጠለጠልኩት፣ በእርጋታ።
ሸራው የለም። የቀረው ብረት ነው፣ እንደ ሳንቲም የሳሳ፤
ዲስኩ በጥፍሬ ስዳስሰው እንደታረሰ ማሳ።
ይህን ይዤ ነው ለካ ክረምቱን ሙሉ ሰው የጫንኩት፣
«ነፋስ ነው» እያልኩ የሰው ነፍስ ያስያዝኩት።

የአዲሱን ዲስክ ቅባት በቤንዚን ጠርጌ፣
ፒስቶኑን በሞርሳ፣ በአሮጌው ሸራ ደግፌ
መለስኩት። አዲሱ ሸራ እንደ አዲስ ጫማ ጠበቅ ብሎ ገባ።

ዘይቱን አየሁት፤ የወንጂ ሞላሰስ መስሏል።
መቀየር አለበት፣ አየሩም መውጣት ይኖርበታል።
ይህ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤
አንዱ ካልረገጠ ሌላው አይፈታም።
የሲፈን እግር አይደርስም። ሞከረች፤ ከወንበሩ ተንሸራታ
ከመሪው በታች ጠፋች። ሳቀች። ከዚያ ተነስታ፣
ሳልልካት፣
አጎቷን በጣቱ ይዛ መጣች።

ቃል ሳይተነፍስ ገባ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው፤
እግሩ የአባታችን ነው፣ ረጅም።
እኔ ቁልቁል፣ ቀጭን ቱቦ ሃይላንድ ውስጥ ነክሬ፤
ፊቱን አላይ፣ ፊቴን አያይ።

«ርገጥ።»
ዝም።
«ያዝ።»
«ይዣለሁ።»
ከፈትኩ። ጥቁሩ ወረደ፣ አረፋው ተንቦቀቦቀ። ዘጋሁ።
«ልቀቅ።»
«ለቀቅሁ።»

በአምስት ወር ውስጥ ያወራነው ይህን ነው።
ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ሲፈን አሥራ ዘጠኝ ትላለች።
ከአሥረኛው በኋላ ግን፣ አረፋ ሳይኖር
«ያዝ» ያልኩት አለ፣ ድምፁን ልስማ ብዬ።
መካኒክ ቢያየኝ ይስቃል።

ዘይቱ ብርዝ መስሎ መውረድ ሲጀምር
«ጠነከረ» አለ ከውስጥ፣ ሳልጠይቀው። «ፔዳሉ።»

እስከ ኮብልስቶኑ ሄደን መጣን፣ ሦስታችን።
አላፏጨም። ፍሬን ስይዝ ግን ወደ ቀኝ።
«ይስባል» አለ።
«አንድ ጎን ብቻ ተሠርቶ እንዴት አይስብ?»
ነፋሱ የአቧራ ምሰሶ ተክሎ አለፈ፣
የማንን እንደሆነ እንጃ፣ ቆርቆሮ አንኳኳ።

የግቢውን ነገር አላነሳንም።
ወረቀቱ ዛሬም እኔ ሳጥን ውስጥ ነው።

ሊወጣ ሲል፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ «የግራውስ?» አለኝ።
«ነገ፣ ሳይሞቅ። ግራውን ሳልሠራ ሰው አልጭንም።»
እመጣለሁ አላለም።
አሥራ አራቱን ቁልፍ ግን፣
ሳያስተውል ይሁን አስቦበት፣
በኪሱ ይዞት ገባ።