ሰምና ብረት

አራጋው በር ይበይዳል፣ ኮምቦልቻ፣ ከአስፋልቱ ዳር፤
ሠላሳ ዓመት አረጀ፣ ከብረት ጋር ሲከራከር።
ፊቱ ላይ ጥቁር መስታወት፣ እጁ ላይ ሰማያዊ ነዲድ፤
ሳል ሲይዘው ግን መስመሩ፣ ይንሻፈፋል እንደ እባብ መንገድ።

ስድስት ወር መድኃኒት ዋጠ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያጎድል፤
ሽንቱ ሚሪንዳ እስኪመስል።
ሳሉ ግን እንደ ክፉ ተከራይ፣ ውጣ ቢሉት አልወጣ አለ፤
አክታው ወደኛ መጣ፣ ደሴ ድረስ፣ በበረዶ ሣጥን እንደታዘለ፦
ሰባ ሦስት። ወንድ። ሃምሳ አንድ ዓመት።

በማጉሊያው አየሁት፤ ቀያይ ጭረት በሰማያዊ ሜዳ፤
አሲድ ቢያጥበው ቀለሙን፣ ሰም ለብሷልና አይከዳ።
ዘመዱ ግን ብዙ ነው፤ መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ሌላ፤
አንዱ በአንዱ ስም ይታከማል፣ ሰውየው መሐል ላይ ሲበላ።
እኛ ወሎዬዎች ሰው ስናገኝ፣ «የማን ነህ?» ነው ጥያቄው፤
ይህን፣ አፍ የሌለውን፣ የማን ነህ ብዬ ልጠይቀው?

ጦይባ ነግራኝ ነበር፣ ጡረታ ልትወጣ ሰሞን፦
«መልኩን ተወው። አስርበውና እይ፤ ረሃብ ያወጣዋል ጉዱን።»

አስራብኩት። ብረት ከምግቡ ነፈግሁት፣ ሳምንት በሳምንት ላይ፤
መብራት ሁለት ሌሊት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ሥር አደርኩ፣ ሙቀቱን ሳይ።

ብረት ለማንም ግድ ነው፤ ለእኛም ደም፣ ለእሱም ለሌባ፤
ደማችን ቆልፎ ይይዘዋል፤ ሌባው ጉጠት ያበጃል፣ በሰሙ ሸሽጎ ሊያስገባ።
ጉጠት ሁሉም ያበጃል፤ አበጃጀቱ ግን ለየቅል፤
ጫፉን ያየ ቀጥቃጭ ያውቃል፣ የማን እጅ እንደሆነ ሳይባል።

በአልኮል አጠብኩት፤ የብረት ጠብታ ጣል አረግሁበት፤
ቀላ።
የሐምሌ ቦርከና ቀለም፣ የአራጋው ቱታ ላይ ያለው ዝገት።

ነጭ ዱቄት በተቀባ መስታወት ግርጌ፣ ነጥብ ነጥብ አስቀመጥኩ፤
ከሚታወቁት ዘመዶቹ ጎን፣ የሰባ ሦስትን ደረደርኩ።
ፈሳሹ ሽቅብ ተነሣ፣ እንደ ሐረጎ ሚኒባስ እያዘገመ፤
ነጥቦቹም ተሳፈሩ፤ ሁሉም «ወራጅ አለ» ብሎ፣ በየፌርማታው ቆመ።
የሳንባ ነቀርሳው ወረደ።
የአራጋው ግን አልወረደም።
ትንሽ አለፈና ቆመ፣ ከሌላ ዘመዱ ጋር እኩል፣ ደም በደም።
አንድ ጣት!
ስድስት ወር ሙሉ፣ ያ ሁሉ ክኒን፣ የሳተው በአንድ ጣት።

ቅኔ የሚፈታ ሰው፣ ሰሙን ገፎ ወርቅ ይፈልጋል፤
እኔ ሰሙን ስገፍ ያገኘሁት ብረት ነው፤ ብረትም ስም ይናገራል።

አራጋው ውጤቱን ሊሰማ መጣ፤ መስታወቷን አሳየሁት።
«ይቺ ናት?» አለኝ። «የብየዳ ነቁጥ አይደለች? ስንት ዓመት በእጄ የነቆጥኳት!
ብረት ከፈለገማ፣ ቁርጥራጩ ሞልቶ ከደጄ፣
ምን ሊያደርግ ደረቴ ገባ?»
ሳቀ። ሳሉ ሳቁን በላው። ውሃ አጠጣሁት በእጄ።

ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ጻፈ፤ ዓመት ከመንፈቅ ነው አለው፤
ጥቂት ዝም አለና፣ ላሜራ እንደሚለካ በስንዝር ቆጠረው።
«ትልቅ በር ነው። ይሁን፤ ቀብዱን ውጫለሁ» ብሎ ወረደ ደረጃውን፤
ሳሉ ቆየት ብሎ ነው የተከተለው ጌታውን።