የፋጎት መስመር

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓቱ፣
ስልኬን ብርጭቆ አስደግፌ፣ ተዘርግቷል ወረቀቱ።
ሃያ ሁለት መስመር ቁልቁል፣ ከፍሉት እስከ ኮንትራባስ፣
ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየኛል፣ የድርሻውን እስካጎርስ።

አጉርሼ ነበር ባለፈው፣ አንዱንም ሳላስከፋ፤
መምህር ጥላዬ መለሰው፣ ገጹ በቀይ ብዕር ጠፋ፦
«ሁሉም ባንዴ ከጮኸማ፣ ማንን ልስማ አንተ ልጅ?
ዕቃ መጫን መሰለህ ወይ? ቦታ መልቀቅ ነው እንጅ!
ደግሞስ ፋጎት የት ሄደ?»

ፋጎት ይለዋል እሱ፣ መጽሐፉ ባሱን ያለውን፤
ግቢያችን ውስጥ አንድ አለ፣ ቁም ሳጥን ነው ቤቱ አሁን፤
ይነፋው የነበረው ልጅ ተመርቆ ባንክ ገብቷል።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ታች ያለው ቧንቧ ሳለ፤
ባዶ ጀሪካን በደረጃው እንደ ቲምፓኒ ዘለለ፤
ስድብ፣ ሳቅ፣ ወረፋ፣ የነጠላ ጫማ ጥፊ፤
«እስቲ ዝም!» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣
«በርሜሉ መሙላቱን እኮ፣ በጨለማ የሚነግረኝ ድምፁ!»

ዝም።
ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰው፣ ዝም።
ከበርሜሉ ሆድ አንድ ድምፅ፣ ወፍራም፣ ብቻውን፣
ይነሣል እየቀጠነ፣ እየጠረገ ጉሮሮውን።

ቫዮሊኖቹን ዝም አሰኘሁ፣ ትራምፔቱን በላጲስ ፋቅሁ፤
ስምንት ባር ሙሉ ለፋጎት፣ ለዚያ ለሌለው ሰው ጻፍሁ።

«ማን ሊነፋው ነው?» ቢለኝ ነገ፣ የለኝም መልስ የሚያድነኝ፤
የኔም ጀሪካን ባዶ ነው፤ ልውረድ፣ ውሃው ሳይሄድብኝ።