ይቆይ

ስልክ ደወለች ፖሌት፣ ከጆሮ ክሊኒኩ፣
ሰድበሪ፣ ጥር ወር፣ በረዶው በር ዘግቶ፤
«ያቺ ሣጥንህ» አለች «ሰው ገደለችብኝ»፣
ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ፣ ድምጿ ተምታቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ሣጥኗ ትንሽ ናት። ከስክሪኑ መሀል ብቅ ትልና
«እርግጠኛ ነዎት?» ትላለች፤
ከሥሯ ሁለት ቁልፍ፣ «እሺ» እና «ሰርዝ»።
እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባልን ላደግን
ይህ ይበቃ ነበር።
ፖሌትን ግን አልበቃትም፦
«ቀጠሮው ይሰረዝ? ስትለኝ፣ እሺ ማለት መሰረዝ፣
ሰርዝ ማለት አለመሰረዝ!
የሠራኸው አንተስ ይገባሃል?»

እውነቷን ነው። ለየጉዳዩ የራሱን ቃል ሰፋሁለት።
ለሞተ ደንበኛም፦ «አርፈዋል። መዝገቡ ይዘጋ?»
«ይዘጋ»፣ «ይቆይ»።

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ኦክሳና
ባትሪ ሊገዙ መጡ፣ በእግራቸው፣ በጤና።
ለባትሪ የተለየ ቃል አልሰፋሁም ነበርና
ሣጥኗ ወጣች፦ «አርፈዋል። መዝገቡ ይዘጋ?»
መነጽራቸውን ሰክተው፣ በፖሌት ትከሻ ላይ አነበቡና
«ገና ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ ባትሪውን ስጪኝ።»

ሣጥን አንዴ ትፈጠራለች፤ ስትዘጋ አትሞትም፣ ትደበቃለች።
የለበሰችውን ቃል ካልገፈፏት
የፊተኛውን ሰው ልብስ ለብሳ ለኋለኛው ትወጣለች።
ይህንን አውቃለሁ። መግፈፊያዋንም መስመር ጽፌአለሁ፣
ወደ ነበረችበት መልስ የምትለውን፤
የጻፍኳት ግን ከ«ይዘጋ» ሥር ብቻ ነበር።
የሞተ ሰው መዝገብ ፊት ተቀምጦ
ማን ይቆይ ይላል ብዬ።

ማን ምን እንደተጫነ የሚያስቀምጠውን ፋይል ከፈትኩ።
ላውሪ ኒየሚ። ጡረታ የወጡ የኒኬል ቆፋሪ፣
መሣሪያቸው ሳይበላሽ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ የሚያስጠርጉ።
ኅዳር ላይ አርፈዋል።
ይቆይ። ይቆይ። ይቆይ።
አሥራ አንድ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ፣
ክሊኒኩ ገና ሳይከፈት፣
በፖሌት ስም።

ምንም አልጠየቅኳት።
መስመሯን ወደ ላይ አወጣኋት፣ ሣጥኗ ከመታየቷ በፊት፤
ማንም የቱንም ይጫን፣ ቃሉ ይመለስ።
ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

«ተስተካከለ?»
«ተስተካከለ።»
ዝም አለች። ከጀርባዋ የበረዶ መጥረጊያ መኪና አለፈ።
«የሳቸውስ ጥያቄ፣ እሱም ጠፋ?»
«የለም፤ እሳቸው መዝገብ ላይ እንዳለ ነው።»

«እሺ» አለች።