የጥሪው ገመድ

ጥር ነው፣ ሳስካቱን፤ ወንዙ ቆሟል ረግቶ፣
መወልወያዬ ብቻ ይሄዳል ተጎትቶ
በአራተኛው ፎቅ ላይ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
አንዱ ሲያንቀላፋ፣ ሌላው እየነቃ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ወለል አስለመድኩት ዓይኔን፤
ብዙ ነገር ያያል፤ ማን ይጠይቅ እኔን?

የጥሪው ገመድ ግን ሁልጊዜ ይወድቃል፣
ከአልጋው ኋላ ገብቶ አቧራ ይስማል።
በሽተኛ ይዳብሳል ፍራሽና ብረት፤
ደወሉ ዝም ካለ፣ ይባላል «ደኅንነት»።

አምና በኅዳር መጡ፣ ወረቀት ለጠፉ፣
ቢጫውን በሮዙ፣ ግድግዳ አጠፉ።
ለውጥ ነው ተባለ። ደግሞ ለውጥ! አልኩኝ፤
ባለፈው ለውጥ ጊዜ ባልዲ ነው የደረሰኝ።

ዋና ነርሷ ዶሪን፣ መነጽሯን ሰቅላ፣
የሹራብ ቀይ ክሯን በመዳፏ ጠቅልላ፣
ከፎቁ ካርታ ላይ በመርፌ ወጠረች፣
የአንድ በሽተኛ አንድ ቀን ቆጠረች።
«የታካሚ ጉዞ» ይሉታል በነሱ ቋንቋ፤
እኔ የማውቀው ጉዞ ጎማው ሲንቋቋ።

ኦረስት ነው ሰውየው፤ ስንዴ የዘራ ዕድሜውን፣
ከጎተራው መሰላል ወድቆ የሰበረ ዳሌውን።
ክሩ ከአልጋ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ደም፣
ከደም ወደ ኮሪደር፤ ሁለት ሰዓት መቆም፤
ከዚያ ተመልሶ ያው ራጅ፣ ያው ጥያቄ፤
ቀድሞ መጣ ሳቄ፣ ተከተለ ጭንቄ።

ታሪኩን ሰባት ጊዜ ለሰባት ሰው ነግሯል፣
ስምንተኛው ሲመጣ ፊቱን አዙሯል።
መዝገቡ የጻፈው፦ «ታካሚው አርፏል።»

ዶሪን ዞር አለችና ባልዲዬ ዘንድ መጣች፣
«አንተስ ምን ታያለህ?» ብላ ጠየቀች።
ዐሥራ አንድ ዓመት! ምላሴ ታሰረ፣
ስንት የቋጠርኩት ቃል ባልዲ ውስጥ ቀረ።
«ገመዱ» አልኩ ብቻ። «ገመዱ ይወድቃል።»

ተንበርክካ አየችው በስልሳ ዓመቷ፣
አቧራ ለበሰ እጇና ጉልበቷ።
አልተናገረችም። ከጋሪው ፋሻ ቀደደች፣
ገመዱን ከአልጋው ብረት አስጠግታ አሰረች።
ሦስት ቋጠሮ።
«ለጊዜው ነው» አለች፣ «ለሳምንት ቢበዛ፤
መቆንጠጫ አለ፣ ከካልጋሪ የሚገዛ።»

ከዚያ ወዲያ ደግሞ፣ ፈረቃ ሲቀየር፣
ቢሮ ውስጥ ተዘግቶ ይወራ የነበር
የሰው ሕመም ወሬ ወደ አልጋው መጣ፣
ባለቤቱ ፊት ላይ ከሹክሹክታ ወጣ።
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደም መቅዳትም ቀረ፤
ለማን ሲባል እንደነበር ማንም አልተናገረ።

በመጀመሪያው ጠዋት፣ መዝገቡን ገልጦ፣
ወጣቱ ነርስ «የግራው ዳሌ...» ሲል፣ አዛውንቱ ደንግጦ፦
«ቀኝ ነው ልጄ» አለ፤ «ደሞም አልተኛሁም፤
ሰባት ጊዜ ነገርኩ፣ ሰሚ አላገኘሁም።»

ዝም። በማሞቂያው ቱቦ ውኃው ብቻ ተንጫጫ።
ወጣቱ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ፣
ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ወንበር ስቦ አረፈ።
ያ ወንበር፣ ልንገራችሁ፣ ከጥግ ተደራርቦ፣
ስንት ዓመት የቆየ፣ ተቀማጭ ተርቦ።

ሁሉ ተስተካክሏል አልልም፤ አልዋሽም፤
የድንገተኛው ወረፋ ዛሬም አልሸሸም።
ግማሹ ወረቀት ከግድግዳው ረገፈ፣
አንዱን ጠርጌ ሳየው፣ «ርኅራኄ» ነው የተጻፈ።
በየትኛው ቅርጫት እንደሚጣል አላውቅም።

ኦረስት በየካቲት በምርኩዝ ወጣ፤
መቆንጠጫ የተባለው እስካሁንም አልመጣ።
ፋሻው አለ እንጂ። ሰኞ ሰኞ ፈትቼ፣
በአዲስ እቀይራለሁ፣ አሮጌውን አንሥቼ፤
ሦስት ቋጠሮ፣ እሷ እንዳሳየችኝ።
ከዚያ ጫፉን ይዤ አንዴ እጫነዋለሁ።

«ምን ልርዳዎት?» ይላል ድምፅ ከግድግዳው።
«አይ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ፤
«ይሰማ እንደሆነ ብዬ ነው።»